ግሩፑ ከርዕስ ሲወጣ ምን ይደረጋል?

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ የሚከፈተው ውሃ የሚመጣበትን ቀን፣ የጥበቃ ክፍያንና የተበላሸውን ፓምፕ ለመነጋገር ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሲታይ ግን የጠዋት ምርቃት የተጻፈበት ፎቶ፣ የሚሸጥ ሶፋ፣ የኳስ ብሽሽቅ፣ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ፎርዋርድና የሁለት ሰዎች የፖለቲካ ክርክር ሞልቶበታል። የዕድር፣ የወላጆች፣ የአብሮ አደጎችና የሙያ ማኅበር ግሩፖችም ከዚህ አያመልጡም። አድሚኑ አንድ ቀን ይመረውና «ከዛሬ ጀምሮ ከርዕስ ውጪ የጻፈ ይወገዳል» ይላል። ሁለት ቀን ጸጥ ይላል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ሁሉም ይመልሳል፤ ነገሩ እንደነበረው ይሆናል።

ደንቡ የማይጸናው አብዛኛውን ጊዜ ወሬው የሚሄድበት ሌላ ቦታ ስላልተዘጋጀለት ነው። ከዚህ በታች ወሬው ከየት እንደሚመጣ፣ ለምን እንደሚያስቸግርና ቦታ እንዴት እንደሚሰጠው እናያለን።

«ከርዕስ ውጪ» የሚባለው የትኛው ነው?

በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ቢያንስ አራት ዓይነት ነው፤ መፍትሔውም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው ሳይታወቅ የሚንሸራተት ጨዋታ ነው። ስለ ፓምፑ ጥገና ይጀመራል፣ «ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ የሚያውቅ አለ?» ይባላል፣ ከዚያ የአንዱ ቤት ማፍሰስ ይነሳል፣ መጨረሻው የሲሚንቶ ዋጋ ይሆናል። እያንዳንዱ መልዕክት ከፊተኛው ጋር ይያያዛል፤ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር የሚያገናኘው ግን የለም። ብዙ ጊዜ ጠቃሚው ነገር የሚገኘው እዚህ ውስጥ ስለሆነ ከማጥፋት ማዛወር ይሻላል።

ሁለተኛው ሰላምታ፣ ምርቃት፣ የበዓል መልካም ምኞትና የሐዘን መግለጫ ነው። ወግ ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የሚያስቸግረው ብዛቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው። እዚህ ላይ ቤቷ ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ ጎረቤትና «በቀን ይህን ያህል ብር ይሥሩ» የሚል ሊንክ ጥሎ የሚጠፋ የማይታወቅ አካውንት አንድ አይደሉም። ለጎረቤቷ ቦታ ይሰጣታል፤ ሊንክ ጣዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል።

አራተኛው የፖለቲካ፣ የብሔርና የሃይማኖት ክርክር ነው። ግሩፕ የሚያፈርሰው በአብዛኛው ይኸኛው ስለሆነ ለብቻው እንመለስበታለን።

ስድብ፣ ማስፈራሪያ፣ ማጭበርበርና የጥላቻ ንግግር ከነዚህ አይቆጠሩም። በርዕሱ ላይ ቢሆኑም ባይሆኑም ቦታ የላቸውም፤ በኢትዮጵያም የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ያስጠይቃሉ። አድሚኑ «ከርዕስ ወጣህ» እያለ እነዚህን ካስታመመ ለሌላው አባል የተሳሳተ መልዕክት ያስተላልፋል።

ታዲያ ቢወራ ምን ይጎዳል?

ቻት የሚሠራው በአንድ ሰልፍ ነው። አዲስ መልዕክት በመጣ ቁጥር አሮጌው ወደ ላይ ይገፋል፣ የሁሉም ስልክ ይጮኻል። ቀን ሙሉ የሚጮኽ ስልክ ደግሞ የሚያስከትለው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ግሩፑን ሚዩት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ወሬው አይረብሸውም፣ አስፈላጊው ማስታወቂያም አይደርሰውም። አድሚኑ «ሰው አያነብም» ብሎ ያንኑ ማስታወቂያ ሦስቴ ይደግማል፤ ሚዩት ያላደረጉትም በድግግሞሹ ተማረው ሚዩት ያደርጋሉ።

በዕድር ግሩፕ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ አባል አርፈው ጸሐፊው የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይለጥፋል። ወዲያው «ነፍስ ይማር» ይከተላል፤ 60 ወይም 70 ጊዜ። ማንም ዝም ማለት አይችልም፤ ዝምታ ነውር ነው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሥራ የወጣ ሰው ስልኩን ይከፍትና ይጠይቃል።

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»
«ከላይ ተጽፏል።»
«ከላይ የቱ ጋ?»
«ነፍስ ይማር።»
«6 ሰዓት መሰለኝ።»
«ኧረ 7 ነው ያሉት።»

እዚህ ውስጥ ያጠፋ ሰው የለም። ጥፋቱ መረጃውና ሐዘኑ አንድ ሰልፍ ላይ መቆማቸው ነው። ማስታወቂያው ፒን ቢደረግ (ከግሩፑ አናት ላይ ቢሰካ) እና ሐዘን መግለጫው የራሱ ቦታ ቢኖረው ሁለቱም ይከበሩ ነበር። «ሪአክሽን ብቻ አድርጉ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። ለሞት ዜና የአውራ ጣት ምልክት መስጠት ለብዙዎች ስድብ ይመስላል። ቴሌግራም ላይ አድሚኑ የሚፈቀዱትን ሪአክሽኖች መምረጥ ስለሚችል፣ በዕድር ግሩፕ የተጋጠሙ እጆችንና መሰሎቹን ብቻ መተው ተገቢ ነው።

ወሬው ከየት ይመጣል?

አንዱ ምንጭ አድሚኑ ራሱ ነው፤ ይህን ማንም አያነሳውም። «ነገ ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሩ» የሚል ማስታወቂያ ቢያንስ አምስት ጥያቄ ይወልዳል። የት? ስንት ሰዓት? በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ተከራይም ይመጣል? አጀንዳው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት አራት መልስ ያመጣል፣ ከመልሶቹ አንዱ ቀልድ ይሆናል፣ ከቀልዱ ሌላ ጨዋታ ይወጣል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን እንደሚመለከትና ለጥያቄ የሚደወልለት ሰው በአንድ መልዕክት ቢጻፉ ግማሹ ጫጫታ አይፈጠርም።

ሰዓት ላይ በተለይ ጥንቃቄ ያሻል። አባላቱ ውጭ አገርም ካሉ «ቅዳሜ 9 ሰዓት» ማለት አይበቃም። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት በአዲስ አበባ» ተብሎ ይጻፍ። ያ ሰዓት ዋሽንግተን ላሉት በበጋቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሆናል። ሪያድ ከአዲስ አበባ እኩል ነው፣ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል።

ሌላው ምንጭ ጥቂት ሰዎች ናቸው። በአብዛኛው ግሩፕ ብዙውን የሚጽፉት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው አንባቢ ነው። ለሁሉም ተብሎ የሚወጣ ቁጣ ያላጠፋውን ብዙኃን ያሸማቅቃል፤ ለእነዚያ ሦስት አራት ሰዎች ግን «እኔን አይመለከተኝም» ሆኖ ያልፋል። በኢንቦክስ ለየብቻ ማነጋገር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ለምን ጭራሽ አይከለከልም?

የዕድር ስብሰባ አጀንዳ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ልዩ ልዩ» የሚል ተራ ቁጥር አለው። በመዋጮው መሃል ስለ መንገዱ መብራት የሚያነሳ ሰው ሲኖር ሰብሳቢው «ልዩ ልዩ ላይ እንመለስበታለን» ይላል። ሰውየው አልተከለከለም፣ አልተዋረደምም፤ ተራው ተነግሮታል። የኢንተርኔት ግሩፕም የሚያስፈልገው ያንኑ ተራ ቁጥር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከዛሬዎቹ መተግበሪያዎች በፊት ዩዝኔት የሚባል የኮምፒውተር መወያያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ ያፈለቁት ነው። መወያያዎቹ በዝተው ሲዘበራረቁ እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 ሁሉም በ7 ዋና ዋና ክፍሎች እንደገና ተደለደሉ። ለኮምፒውተር፣ ለሳይንስ፣ ለመዝናኛና ለማኅበራዊ ጉዳይ የየራሳቸው ክፍል ተሰጠ። ከ7ቱ አንዱ «ቶክ» ይባል ነበር፤ ማለቂያ የሌለው ክርክር የሚላክበት ነው። ሌላው «ሚስክ» ሲሆን የትም ያልገባው ሁሉ ይገባበት ነበር። ልዩ ልዩ ማለት ነው እንግዲህ።

ጭራሽ መከልከል ሌላም መዘዝ አለው። ማስታወቂያ ብቻ የሚወጣበት ግሩፕ ሰው አይከፍተውም። የሰፈር ሰው ግሩፕ የሚከፍተው ማን ምን አለ ብሎ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያየው በዚያው ነው። ወሬውን ጨርሶ የሚያባርር አድሚን አንባቢውንም አብሮ ያባርራል።

ቴሌግራም ላይ እንዴት ይደረጋል?

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ አንዱን ግሩፕ በክፍል በክፍል የሚከፍል «ቶፒክስ» የሚባል ነገር አለው። የግሩፑን ስም ነክቶ፣ ማስተካከያውን ከፍቶ፣ «ቶፒክስ» የሚለውን ማብራት ነው። ከዚያ ክፍሎቹ ይፈጠራሉ፤ ለአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ አራት ይበቃሉ። «ማስታወቂያ»፣ «ጥገናና መዋጮ»፣ «የሚሸጥ የሚከራይ»፣ «ልዩ ልዩ»። ለዕድር «ሐዘንና ደስታ» የሚል ይጨመራል።

«ማስታወቂያ» የሚለው ክፍል ከተፈጠረ በኋላ ይዘጋል፤ ሲዘጋ አድሚኖች ብቻ ይጽፉበታል፣ ሌላው ያነባል። አባላት አዲስ ክፍል የመክፈት ፈቃዳቸውም ከፐርሚሽን ውስጥ ይነሳ። ካልተነሳ በሳምንት ውስጥ «ሰላም» የሚል፣ «ሙከራ» የሚልና በስህተት የተከፈተ ስም የለሽ ክፍል ይሞላል። ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ጥቅም ነው፤ አባሉ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ሚዩት ማድረግ ይችላል። «ልዩ ልዩ»ን ዝም አሰኝቶ «ማስታወቂያ»ን ክፍት ይተዋል። ይህን የሚያሳይ አጭር ስክሪንሾት ፒን ይደረግላቸው፤ አብዛኛው ሰው እንደሚቻል አያውቅም።

የሚበላሽበት መንገድም አለ። አንዱ ክፍል ማብዛት ነው፤ 12 ክፍል ያለው ግሩፕ ውስጥ ሰው የቱ ጋ እንደሚጽፍ ስለሚጨንቀው ቴሌግራም ራሱ የሚከፍተው «ጀነራል» የሚለው ክፍል ላይ ሁሉን ይዘረግፋል። «ጀነራል» ሊጠፋ ባይችልም መደበቅ ይቻላል። ሌላው፣ አባሉ ክፍሎቹን ሳይሆን ሁሉንም መልዕክት እንደ ድሮው በአንድ ሰልፍ የሚያሳየውን አማራጭ መርጦ ይሆናል። «እኔ ጋ ምንም ክፍል የለም» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ይህን ማየት ነው።

ግሩፑ 20 ወይም 30 ሰው ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ጥሩ ማስታወቂያና ፒን ይበቃሉ። ፒን ሲደረግ ለሁሉም አባላት እንዲደርስ የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል፤ ምልክት ከተደረገበት ግሩፑን ሚዩት ላደረጉትም ማሳወቂያ ይሄዳል። ስለዚህ ለቀብር፣ ለውሃ መቋረጥ፣ ለስብሰባ ብቻ ይቆጠብ። በየቀኑ የሚፒን አድሚን ይህችን የመጨረሻ መሣሪያ በገዛ እጁ ያደንዛታል።

ዋትስአፕ ላይስ?

ዋትስአፕ አንዱን ግሩፕ እንዲህ በክፍል አይከፍልም። ያለው «ኮሚኒቲ» ነው፤ በአንድ ጣሪያ ሥር በርካታ ግሩፖች ይቀመጣሉ፣ ከላይ አድሚኖች ብቻ የሚጽፉበት የማስታወቂያ ግሩፕ ይኖራል። ውጭ አገር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት በአብዛኛው ዋትስአፕ ስለሚጠቀሙ ለእነሱ ቀላሉ መንገድ ይኸው ነው፤ አንዱ ለማስታወቂያ፣ አንዱ ለጨዋታ። በነጠላ ግሩፕ መቀጠል የሚፈልጉ ደግሞ ከሰዓት እስከ ሰዓት አድሚን ብቻ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላሉ፤ ሆኖም አድሚኑ ማብራት ማጥፋቱን ይረሳውና ግሩፑ ለሁለት ቀን እንደተዘጋ ይቀራል።

መልዕክት ማጥፋትም ይለያያል። ዋትስአፕ ላይ አድሚን ያጠፋው መልዕክት «በአድሚን ጠፍቷል» የሚል አሻራ ይተዋል፤ ሁሉም ያያል። ቴሌግራም ላይ ግን ድምፁ ሳይሰማ ይጠፋል። ጸሐፊው ተመልሶ ሲያጣው «ለምን እኔን ብቻ?» ይላል። በየትኛውም ቢሆን ካጠፉ ወዲያው በኢንቦክስ ምክንያቱን መንገር ነው።

አድሚኑ መቼ ይግባ? ምንስ ይበል?

ለመጀመሪያዎቹ አምስት አሥር መልዕክቶች ዝም ይበል። ብዙ ወሬ ራሱ ይሞታል። የሚገባው አንድ ሰው በርዕሱ ላይ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ጥያቄው ወደ ላይ ሲገፋ፣ ወይም ማስታወቂያ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ጨዋታ ሲነሳ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያልተመለሰውን ጥያቄ መመለስ። ከዚያ ጠቃሚዎቹን መልዕክቶች መርጦ ወደ ትክክለኛው ክፍል ፎርዋርድ ማድረግ። ከዚያ መንገሩ፦

«የቧንቧ ሠራተኛው ጉዳይ ጠቃሚ ነው፤ ልዩ ልዩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ እዚያ ቀጥሉበት። እዚህ የፓምፑን መዋጮ እንጨርስ፤ ያልከፈልን 4 ቤቶች ነን።»

ማጥፋት ካስፈለገ የሚጠፋው በመጨረሻ ነው፤ ከተዛወረ በኋላ። አጥፍቶ «ልዩ ልዩ ላይ ጻፉት» ማለት ሰውን ሁለቴ ማስጻፍ ነው፣ ሁለተኛ አይጽፍም።

በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አነጋገሩ ሌላ ነው። በየጠዋቱ የምርቃት ፎቶ የሚልኩ አባት ግሩፕ ላይ «እባክዎ ከርዕስ አይውጡ» ቢባሉ፣ ቢታረሙም እንኳ ቅያሜው አይበርድም። በኢንቦክስ፣ ወይም የተሻለው በስልክ፦

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የሚልኩልንን ምርቃት ብዙዎቻችን እንወደዋለን። የዕድሩ ማስታወቂያ ግን እየተገፋ ጠፋብንና ለሰላምታ ለብቻው ቦታ ከፈትን። እዚያ ቢያደርጉልን? ከቸገረዎት ይደውሉልኝ፣ መጥቼ አሳይዎታለሁ።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጌጥ አይደለችም። ብዙ ጊዜ ሰው የተሳሳተ ቦታ የሚጽፈው እንዴት እንደሚሄድ ስለማያውቅ ነው።

እንቢ ያለስ?

ሁሉንም ለማብረድ ቴሌግራም ላይ «ስሎው ሞድ» አለ። አንድ አባል በአንድ መልዕክትና በሚቀጥለው መካከል የሚጠብቀውን ጊዜ ይወስናል፤ ከጥቂት ሴኮንዶች እስከ 1 ሰዓት ድረስ ይደረጋል። አድሚኖችን አይመለከትም። ለተጋጋለ ክርክር 5 ደቂቃ በቂ ነው፤ ሰው አንድ ጊዜ አስቦ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ሁልጊዜ ማብራት ግን አይመከርም፤ ቃል ቆርጦ ቆርጦ የመላክ ልማድ ያለው ሰው መሃል ላይ ይቀራል።

ለአንድ ሰው ከሆነ፣ በኢንቦክስ ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልተመለሰ ለአንድ ቀን ከመጻፍ ማገድ ይቻላል። ማንበቡን ይቀጥላል፣ ከግሩፑ አይወጣም። ከተደገመ አንድ ሳምንት። ማስወገድ ለስፓምና ለተሳዳቢ ይቆይ፤ ከዕድር ግሩፕ የተወገደ ሰው ነገ ለቅሶ ላይ አጠገብህ ነው የሚቀመጠው። አድሚኖች እርስ በርስ የሠሩትን ለማየት «ሪሰንት አክሽንስ» የሚለው መዝገብ የ48 ሰዓቱን ያሳያል፤ የጠፋ መልዕክትም እዚያ ይነበባል። «ይህን ብሎኛል፣ አላልኩም» የሚል ክስ ሲመጣ 48 ሰዓቱ ሳያልፍ ከፍቶ ማየት ነው።

ፖለቲካና ሃይማኖት ሲነሳ?

እዚህ ላይ ማዛወርም አደጋ አለው። «ፖለቲካ» የሚል ክፍል መክፈት ክርክሩን ከማብረድ ይልቅ ቋሚ መድረክ ይሰጠዋል፤ ለሰፈርና ለወላጆች ግሩፕ ባይከፈት ይሻላል። ደንቡ ጠብ ሳይነሳ በፊት ተጽፎ ፒን መደረግ አለበት። በጠቡ መሃል የሚወጣ ደንብ በማን ላይ እንደወጣ ሁሉም ያውቃል።

ክርክሩ ከተነሳ አድሚኑ ማን ልክ እንደሆነ አይፍረድ። ግሩፑን ለአንድ ሁለት ሰዓት ለአድሚን ብቻ አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ፎርዋርድ እስከ መጨረሻው መልስ ያለውን በሙሉ ማንሳት ነው። የአንዱን ትቶ የሌላውን ማጥፋት፣ በተለይ የመጨረሻውን ቃል ለአንደኛው ወገን መተው፣ ከክርክሩ የባሰ ያስቀይማል። ከአድሚኖቹ አንዱ ራሱ የፖለቲካ ፎርዋርድ የሚለጥፍ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰው ደንቡን የሚያነበው ከአድሚኑ አመል ነው።

«ልዩ ልዩ» ራሱ ቢያጥለቀልቅስ?

ይህ ጥሩ ምልክት ነው። በወር አንድ ጊዜ ገብቶ ምን እንደሚደጋገም ማየት ይበቃል። የቤት ሠራተኛ ፍለጋ፣ የትምህርት ቤት ሰርቪስ፣ የጠፋ ዕቃ በየሳምንቱ የሚነሳ ከሆነ ያ ነገር የራሱን ክፍል ጠይቋል። ለሁለት ወር ማንም ያልጻፈበት ክፍል ደግሞ ይዘጋ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻ መሥራት አይችልም፤ ቢያንስ ሦስት አድሚን ይኑር፣ አንደኛው ማታ የሚነቃ ቢሆን ደግ ነው። የግሩፑ ባለቤት ስልኩ ከመጥፋቱ ወይም አገር ከመቀየሩ በፊት ባለቤትነቱን ማስተላለፍ ካሰበ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ከተከፈተ 7 ቀን ካለፈውና በዚያ ስልክ ከገቡ 24 ሰዓት ከሞላ ብቻ ነው።